መንገዱም የጋራ፣ ሌሊቱም የጋራ

ቡና በሚለቀምበት ወራት ሚዛን ተፈሪ እንቅልፍ የላትም። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። ቀን ገበሬው ጀንፈሉን በጆንያ ሞልቶ፣ በበቅሎ ጭኖ ወይም በራሱ ጀርባ ተሸክሞ ወደ ገበያ ይወጣል። ማታ ነጋዴው ያስመዝናል፣ ያስጭናል። ሌሊት ደግሞ መኪናው እያጓራ ይነሣል። አንዱ መንገድ ወደ ቦንጋና ወደ ጅማ ይሄዳል። አንዱ ወደ ቴፒ፣ ሌላው ወደ በበቃ ይሄዳል። ሁሉም መንገድ ሚዛን ላይ ይገናኛል።

ከተማዋ ዛሬ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን ትባላለች። የቤንች ሸኮ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ትገኛለች። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ሆስፒታል አላት፣ ገበያ አላት። ሰው በዝቷል፣ መኪናም በዝቷል። ባጃጁ፣ ሞተር ብስክሌቱ፣ አይሱዙው ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ ይጋፋል። ሰውና መኪና በበዙበት ደግሞ ሁለት ነገር ይጠፋል። አንደኛው ጸጥታ ነው። ሁለተኛው መተላለፊያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ እነዚህ ስለ ሁለቱ እንነጋገራለን።

ለገበሬው ምን ያገባዋል?

«ይሄ የከተሜ ጉዳይ ነው። እኛን ምን አገባን?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ከዩኒቨርሲቲ ተልከን የመጣን ተማሪዎች ይህን ትምህርት በክፍል ስናነሣ፣ አንድ አባት ይህንኑ ተናገሩ። መልሱን የሰጡት ግን እኛ አልነበርንም። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ናቸው።

«የኔ ልጅ ሚዛን ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው» አሉ። «በየሳምንቱ ጎደሬና በቆሎ ተሸክሜ እወስድለታለሁ። የተከራየው ቤት ከመጠጥ ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ ሲጮህ ያድራል። ልጄ ቀን ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ታዲያ እኔ የተሸከምኩት ስንቅ ምን ጠቀመው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከተቀመጡት ውስጥ ልጁን ወይም የእኅቱን ልጅ ለትምህርት ወደ ከተማ ያልላከ ጥቂት ነበር። ገበሬው ታሞ ሲመጣ የሚተኛው በዚያው ከተማ ነው። ቡናውን ለመሸጥ ሲመጣ የሚያድረው በዚያው መንደር ነው። ቡናውን የሚጭነው መኪናም የሚያድረው እዚያው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

አንድ ሌሊት ያየነው

በአንድ መንደር ውስጥ ሳለን ያየነውን እንንገራችሁ። ዝናብ የሚጥልበት ሌሊት ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ አንዲት ነፍሰ ጡር ምጥ ያዛት። ባሏ ስልክ ደወለ፤ አምቡላንስ ተጠራ። አምቡላንሱ ሳይዘገይ መጣ። ግን መንደሩ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። አንድ ቡና የጫነ አይሱዙ መንገዱን ይዞ አድሯል። ሾፌሩ አልነበረም። የት እንዳደረም የሚያውቅ አልተገኘም።

የአምቡላንሱ ሾፌር ጥሩምባ ነፋ፣ ደግሞም ነፋ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ነቃ፤ የሚፈለገው ሰው ብቻ አልነቃም። በመጨረሻ ወንዶቹ ከአጠና ቃሬዛ ሠሩ። ሴቲቱን በጨለማ፣ በጭቃ፣ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ተሸከሙአት። ሁለት ጊዜ አዳልጦአቸው ለመውደቅ ትንሽ ነበር የቀራቸው። እኛም ባትሪ ይዘን ከፊት ከፊት እናበራ ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ሆስፒታል በሰላም ተወለደ። ግን ማናችንም ያን ሌሊት አልረሳነውም። መንገዱ ተዘግቶ የጠፋው ግማሽ ሰዓት ነበር። ለወላድ ሴት ግማሽ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ እናቶች ታውቃላችሁ።

በነጋታው መንገዱን በገመድ ለካነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፤ እናንተም በደብተራችሁ ላይ አስሉት።

የመንደሩ መንገድ ስፋት 4 ሜትር ነው።
የጭነት መኪናው ጎን ለጎን 2 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይይዛል።
ከ4 ሜትር ላይ ይህ ሲቀነስ 1 ሜትር ከ60 ይቀራል።
አምቡላንሱ 1 ሜትር ከ80 ያህል ስፋት አለው።

በ1 ሜትር ከ60 ውስጥ 1 ሜትር ከ80 አያልፍም። ነገሩ የሾፌር ችሎታ አይደለም፤ የመቀነስ ሒሳብ ነው። አንድ መኪና ቆሞ በማደሩ ብቻ ያ መንደር ሌሊቱን ሙሉ ከሆስፒታል ተቆርጦ አደረ ማለት ነው።

ስለ መኪና አቋቋም ሕጉ ምን ይላል?

የትራፊክ ሕግ መኪና መቆም የሌለበትን ቦታ ለይቶ አስቀምጧል። ለማስታወስ ቀላል ነው። መኪና በድልድይ ላይ አይቆምም። በመታጠፊያ ላይ፣ ከፊት የሚመጣው በማይታይበት ቦታ አይቆምም። በመስቀለኛ መንገድ ላይና በአጠገቡ አይቆምም። እግረኛ በሚሻገርበት ነጭ መስመር ላይ አይቆምም። በሰው ግቢ በር ላይ፣ መግቢያና መውጫ ዘግቶ አይቆምም። በጠቅላላው የሌላውን መተላለፊያ በሚዘጋበት ቦታ አይቆምም።

መንገድ ዳር ምልክት ተተክሎ ታዩ ይሆናል። ክቡ ቀይ፣ መሐሉ ሰማያዊ ሆኖ በላዩ ላይ ቀይ ሰረዝ ያለበት ምልክት መኪና ማቆም ክልክል መሆኑን ይናገራል። ሰረዙ አንድ ከሆነ፣ ትቶ መሄድ ክልክል ነው። ሰረዙ ሁለት ሆኖ ከተመሳቀለ፣ ለአፍታም መቆም ክልክል ነው። የጥሩምባ ሥዕል በቀይ ሰረዝ ከተሰረዘ ደግሞ እዚያ ጥሩምባ መንፋት አይፈቀድም። ይህም ብዙውን ጊዜ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት አጠገብ ይተከላል። ምልክትም ፊደል ነው። የሚያነበው ሰው ይፈልጋል።

ጥሩምባ የተሠራው አደጋን ለማስጠንቀቅ ነው። ረዳትን ከቤት ለመጥራት፣ ተሳፋሪን ለማቻኮል፣ ወይም ወዳጅን ሰላም ለማለት አይደለም። በሌሊት አንድ ጥሩምባ ሲነፋ የሚነቃው ረዳቱ ብቻ አይደለም። ሕፃኑም፣ በሽተኛውም፣ ነገ ሲነጋ ቡና ለቀማ የሚወርደውም ይነቃል።

ስለ ድምፅ ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው «ሰው በቤቱ ውስጥ ያሻውን ቢያደርግ ማን ይከለክለዋል?» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ላይ ስለዚህ ጉዳይ ይናገራል። ባለ ንብረት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ማወክ የለበትም። ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት ወይም ንዝረት ወደ ጎረቤቱ መስደድ የለበትም። ቤቱ ያንተ ነው፤ ድምፁ ግን ከግድግዳው ካለፈ በኋላ ያንተ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሕጉ በዚህ ላይ አንድ ብልህ ነገር ጨምሯል። ልኩ ሲታይ የአገሩ ልማድ፣ የቦታው አቀማመጥና የመሬቱ ዓይነት ይታያል ይላል። ይህ ምን ማለት ነው? ለቅሶ ላይ እናቶች ቢያለቅሱ ጎረቤት አይከስም። በሠርግ ቀን ቢዘፈን ማንም አይቆጣም። ዶሮ ሲነጋ ቢጮህ፣ ሙቀጫ ቢወቀጥ፣ ይህ የአገር ኑሮ ነው። የገበያ ቦታ እንደ ገበያ ይንጫጫል። መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ግን በየሌሊቱ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ማጉያ ቢከፈት፣ ይህ በማንም አገር ልማድ ጉርብትና አይባልም።

በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ወጣ። አዋጁ ጩኸትን እንደ ብክለት ቆጠረው። የፋብሪካ ቆሻሻ ወንዝን እንደሚያበላሽ ሁሉ፣ ጩኸትም አየሩን ያበላሻል። ይህን አዋጅ ተከትሎ የድምፅ ልክ በቁጥር ተቀመጠ። መለኪያው ዴሲቤል ይባላል። ቡና በኪሎ እንደሚመዘን፣ ድምፅ በዴሲቤል ይለካል። ልኩም የሚከተለው ነው፦

በመኖሪያ ሰፈር፣ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል።
በንግድ አካባቢ፣ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዴሲቤል።
በኢንዱስትሪ አካባቢ፣ ቀን 75፣ ሌሊት 70 ዴሲቤል።

ቀን የሚባለው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች በምን እንረዳቸው? ሁለት ሰዎች በአንድ ሜትር ርቀት ሆነው በደንበኛ ድምፅ ሲነጋገሩ 60 ዴሲቤል ያህል ይሆናል። ሲንሾካሾኩ 30 ያህል ነው። እንግዲህ 45 ማለት ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ እንደሚሰማው ያለ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። ቁጥሩ በ10 ሲጨምር ለጆሮአችን እጥፍ ሆኖ ነው የሚሰማን። ስለዚህ 55 ከ45 ትንሽ የሚበልጥ ይመስላል እንጂ፣ ለሚተኛ ሰው እጥፍ ነው።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም የሌላውን ሥራ ወይም ዕረፍት በጩኸት የሚያውክን ሰው በደንብ መተላለፍ ይቀጣል። ድምፁ ከመጠጥ ቤት ይምጣ፣ ከወፍጮ ቤት ይምጣ፣ ከጸሎት ቤት ይምጣ፣ ጆሮ አይለይም። ልኩም ለሁሉም ነው።

እነዚህ የአገር ሕጎች ናቸው። ከዚህ በታች ከተማው የራሱን ዝርዝር ደንብ ያወጣል። መኪና የት እንደሚያድር፣ ጭነት በስንት ሰዓት እንደሚራገፍ፣ መጠጥ ቤት በስንት ሰዓት ድምፅ እንደሚቀንስ የሚወሰነው በዚያ ነው። ማዘጋጃ ቤት ሂዱና ደንቡን ጠይቁ። «ይነበብልኝ» አትበሉ፤ «እስቲ ስጡኝ፣ እኔው ላንብበው» በሉ።

ጩኸት በሰውነት ላይ ምን ያደርጋል?

«ሰው ይለምደዋል» ይባላል። እውነት ነው፣ ልብ ይለምዳል። ሰውነት ግን አይለምድም። ሰው ተኝቶ ሳለ እንኳን ጆሮው አይዘጋም። ድንገተኛ ድምፅ ሲመጣ የልብ ምቱ ይፈጥናል፣ የደም ግፊቱ ይጨምራል። ላይነቃ ይችላል፤ እንቅልፉ ግን ይቆራረጣል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ለልብና ለደም ግፊት በሽታ እንደሚያጋልጥ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። መኝታ ክፍል ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ከ30 ዴሲቤል ባይበልጥ ይሻላል ሲልም በ1999 እ.ኤ.አ. መክሯል።

እንቅልፍ ያጣ ልጅ ትምህርቱን አይዝም። እንቅልፍ ያጣ ሾፌርም መሪ ይዞ ያንቀላፋል። ይህንን ሾፌሮች ራሳቸው ሊያስቡበት ይገባል።

ወፍጮ ቤትና ቡና መፈልፈያ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ ተጠንቀቁ። በቀን 8 ሰዓት 85 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ለሆነ ድምፅ ጆሮውን የሰጠ ሰው፣ ቀስ በቀስ መስማት ያቅተዋል። የጠፋ መስማት አይመለስም። ክንድ ርቀት ላይ የቆመን ሰው ለማነጋገር መጮህ ካስፈለጋችሁ፣ ቦታው ለጆሮ አደገኛ ነው ማለት ነው። ጆሮ መሸፈኛ ጠይቁ።

ሾፌሩም ሰው ነው

ወደዚያ መንደር እንመለስ። በነጋታው ሽማግሌዎች ሾፌሩን አስጠሩት። የሚቆጣ ብዙ ነበር። አንዳንዱ «ጎማው ይተንፈስ!» ይል ነበር። አንድ ሽማግሌ «በሕግ አምላክ!» ብለው አስቆሙ። «መጀመሪያ ይናገር» አሉ።

ልጁ ከእኛ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር። አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። «አባቶቼ፣ አጥፍቻለሁ። ግን የት ላቁመው? አስፋልት ዳር ካሳደርኩት ሸራው ይቀደዳል፣ ጆንያው ይሰረቃል። መኪናው የኔ አይደለም፣ ቡናውም የሰው ነው። አንድ ጆንያ ቢጎድል ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው። እዚህ መንደር ሳቆመው ሰው ስላለ ልቤ ያርፋል።»

ሁሉም ዝም አለ። ልጁ መንደሩን የመረጠው መንደሩን ንቆ አልነበረም። አምኖት ነው። ያ ቡናም በከፊል የገበሬው ቡና ነበር። እዚያ ከቆሙት ውስጥ ትናንት ለዚያው መኪና ጀንፈል የሸጠ ሰው ነበር።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። «እዚህ አትቁም» ማለት ግማሽ ደንብ ነው። «እዚያ ቁም» ሲጨመርበት ነው ሙሉ የሚሆነው።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። የቆየ ነው። ከ2,000 ዓመት በፊት ሮማ በጣም የተጨናነቀች ከተማ ነበረች። ዩሊየስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት 45 ዓመት ገደማ፣ ጋሪ ቀን ቀን ከተማ እንዳይገባ ሕግ አወጣ። ቀን መንገዱ ቀለለ። ጋሪው ግን ሥራውን አልተወም፤ በሌሊት መግባት ጀመረ። ከ150 ዓመት ገደማ በኋላ ዩቬናል የተባለ የሮማ ገጣሚ፣ በሌሊት የጋሪና የነጂ ጩኸት ሰው እንቅልፍ አጣ ብሎ አማረረ። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. ትላልቅ የጭነት መኪናዎች በቀን እንዳይንቀሳቀሱ ገደብ አድርጋለች፤ የሞተር ብስክሌትንም እንዲሁ ገድባለች። የቀኑ መጨናነቅ ሲቀንስ ጭነቱ ወደ ሌሊት ይዞራል። ደንብ ስናወጣ ታዲያ ሁልጊዜ መጠየቅ አለብን፦ ከዚህ ያባረርነው ነገር የት ሄዶ ያርፋል? ማንንስ ይቀሰቅሳል?

የመንደሩ ስምምነት

በዚያ መንደር የሆነው ይህ ነው። በእሑድ ቀን ነዋሪው፣ ሾፌሮቹ፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤትና የቀበሌው ሰው አንድ ላይ ተቀመጡ። ቡና ተፈላ። ከሦስተኛው ስኒ በፊት በአምስት ነገር ተስማሙ።

1ኛ. የጭነት መኪና በመንደሩ ውስጥ አያድርም። ለመጫን ወይም ለማራገፍ ከገባ በቀን ይግባ፤ እንደጨረሰ ይውጣ። ሲቆምም ሾፌሩ ስልክ ቁጥሩን ጽፎ መስተዋቱ ላይ ያስቀምጥ።

2ኛ. መኪኖች በመንደሩ አፍ ባለው ገላጣ ቦታ ማዘጋጃ ቤቱን አስፈቅደው ይደሩ። ባለ መኪናዎቹ አዋጥተው ዘበኛ ይቅጠሩ።

3ኛ. ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት በመኖሪያ ቤቶች መሐል ሞተር አይሞቅም። ሰው ለመጥራት ጥሩምባ አይነፋም።

4ኛ. መጠጥ ቤቱ ከውጭ የሰቀለውን ድምፅ ማጉያ ያውርድ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላም ድምፁ ከግቢው አይውጣ።

5ኛ. ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲኖር ለጎረቤት አስቀድሞ ይነገር። ድንኳን መንገድ ላይ ሲተከል ለአምቡላንስ ማለፊያ 2 ሜትር ከ50 ይተው።

አምስተኛው ለሾፌሩ አልነበረም፤ ለነዋሪው ነው። ያቀረቡትም አንዲት አሮጊት ናቸው። «ሾፌሩን ስንከስ እኛስ? ባለፈው ጊዜ ድንኳን ጥለን ሦስት ቀን መንገድ ዘግተን የለም ወይ?» አሉ። ሰው ሣቀ፤ ግን እውነት ስለሆነ ተጻፈ።

ስምምነቱን ማን ይጻፈው ሲባል፣ ሰዎቹ ወደኛ ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። እኛ ግን እስክሪብቶውን በክፍላችን ፊደል ለቆጠሩ አንድ አባት ሰጠናቸው። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ጊዜም ወሰደ። ግን ጻፉት። አንዳንዱ ፊደል ወደ ላይ፣ አንዳንዱ ወደ ታች ሄዷል። ቢሆንም ይነበባል። ሁሉም ፈረሙበት።

ስምምነት ሲጣስ ምን ይደረግ?

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ስለዚህ ክስ የመጀመሪያው መንገድ መሆን የለበትም። ደረጃ በደረጃ ሂዱ።

መጀመሪያ ራሱን ሰውዬውን በትሕትና አነጋግሩ። ብዙ ሰው ድምፁ ጎረቤት እንደሚደርስ አያውቅም። ሲነገረው ያፍርና ይቀንሳል።

እምቢ ካለ ሽማግሌ ላኩ።

አሁንም ካልተስተካከለ ለቀበሌ በጽሑፍ አመልክቱ። የመኪና አቋቋም ከሆነ ለትራፊክ ፖሊስም ይነገራል። የጩኸት ጉዳይ ከሆነ ማዘጋጃ ቤቱና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱም ይመለከታቸዋል። በመጨረሻ ፍርድ ቤት አለ።

ጎማ ማስተንፈስ፣ መስተዋት መስበር፣ ሽቦ መቁረጥ ግን ክልክል ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው ተበዳይ ሆኖ ሳለ ተከሳሽ ይሆናል።

በቃል የተነገረ አቤቱታ ይረሳል። የተጻፈ ግን ይቀመጣል። ስትጽፉ አራት ነገር አይጉደል፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የሆነው ነገር። መኪና ከሆነ የሰሌዳ ቁጥሩን ጨምሩ። ለምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦

ቀን __________
ለ__________ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ መተላለፊያ መንገድ ስለ ተዘጋብን
እኛ ከዚህ በታች የፈረምነው የመንደሩ ነዋሪዎች ነን። የሰሌዳ ቁጥሩ __________ የሆነ የጭነት መኪና በ__________ ቀን ከምሽቱ __________ ሰዓት እስከ ንጋቱ __________ ሰዓት በመንደራችን መንገድ ላይ ቆሞ አድሯል። በዚህም ምክንያት አምቡላንስ ማለፍ አልቻለም። ባለ መኪናውን በ__________ ቀን አነጋግረነው አልተስተካከለም። ስለዚህ ቀበሌው መፍትሔ እንዲሰጠን እናመለክታለን።
ስምና ፊርማ __________

ሁለት ቅጂ ጻፉ። አንዱን ስጡ። በሌላው ላይ የተቀበለው ሰው ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርምላችሁ። እሱን በቤት አስቀምጡ። የማይከስ፣ የማይሳደብ፣ ግን የማይረሳ ምስክር እሱ ነው።

የገበሬውም ድርሻ

ከተማ ስንገባ እኛም መንገድ እንዘጋለን። በቅሎአችንን በሰው በር ላይ አንሰር። ጆንያችንን በእግረኛ መሄጃ ላይ አንቆልል። ቡናችንን በአስፋልት ዳር አናስጣ፤ ለመኪናውም ለቡናውም ጥሩ አይደለም። መኪና ስንከራይ ደግሞ ሾፌሩን «የት ታሳድረዋለህ? በስንት ሰዓት ትነሣለህ?» ብለን እንጠይቀው። ቡናው የኛ ከሆነ፣ መኪናው የሚዘጋው መንገድም የኛ ጥፋት ይሆናል።

ከስምምነቱ በኋላ ሁሉ ነገር በአንድ ቀን አልተስተካከለም። አንድ ማታ ስምምነቱን የማያውቅ ሌላ ሾፌር መኪናውን ይዞ መንደር ገባ። ያ ስምምነቱን የጻፉት አባት ከቤታቸው ወጡ። በእጃቸው ፋኖስ፣ በሌላው እጃቸው ወረቀቱን ይዘዋል። ሾፌሩ «አባባ፣ ማን ነው የከለከለው?» አላቸው።

አባት አልተቆጡም። ወረቀቱን ወደ ፋኖሱ አስጠጉ። ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እያስኬዱ፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው አነበቡለት። 1ኛውን አነበቡ። 2ኛውን አነበቡ። ሾፌሩ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያም «እሺ አባባ፣ ቦታውን ያሳዩኝ» አለ። መኪናው ወደ ኋላ ተመልሶ ወጣ። መንገዱ ተከፈተ። መንደሩም ተኛ።

ጥያቄዎች

1. በእናንተ መንደር ያለው መንገድ ስፋቱ ስንት ሜትር ነው? በገመድ ለኩት። የጭነት መኪና ቢቆምበት ስንት ሜትር ይቀራል?
2. በመኖሪያ ሰፈር በሌሊት የተፈቀደው የድምፅ ልክ ስንት ዴሲቤል ነው? በቀንስ?
3. የፍትሐ ብሔር ሕግ የአገር ልማድ ይታያል ሲል ምን ማለቱ ነው? ከአገራችሁ ልማድ ምሳሌ ስጡ።
4. ሾፌሩ መኪናውን ለምን መንደር ውስጥ አሳደረ? እናንተ ብትሆኑ ምን ትመክሩት ነበር?
5. በጽሑፉ ውስጥ ያለውን የአቤቱታ ምሳሌ ተመልክታችሁ፣ በመንደራችሁ ስላለ አንድ ችግር ራሳችሁ ጻፉ።